ጠልቆ መዋኘትን የቤተሰብ ያደረገው ካፒቴን

ዛሬ በግብፅ ሁርጋዳ ወይም ሻርም ኤል ሼክ ለእረፍት የሄደ ቤተሰብ መነፅር አጥልቆ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ጎርሶ፣ አስጎብኚ እየመራው የቀይ ባህርን አሳዎች ሲያይ ማንንም አይገርምም። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ባህር ውስጥ የሚጠልቀው ወይ እንደ ዳህላክ ደሴቶች ዕንቁ አውጪዎች ትንፋሹን ይዞ ነው፣ ወይ ደግሞ ከባድ የመዳብ ቆብና የእርሳስ ጫማ አድርጎ፣ አየር ከመርከብ በቱቦ እየተላከለት ነው። ለእንጀራ እንጂ ለመዝናናት የሚደፍረው እምብዛም አልነበረም። ይህንን ከቀየሩት ሰዎች መካከል ቀድሞ የሚጠራው ፈረንሳዊው የባህር ኃይል መኮንን ዣክ ኢቭ ኩስቶ ነው።

ኩስቶ እ.ኤ.አ. ሰኔ 11 ቀን 1910 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ሴንት አንድሬ ደ ኩብዛክ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1930 የባህር ኃይል ትምህርት ቤት ቢገባም ህልሙ አውሮፕላን ማብረር ነበር። ይህን ህልሙን ያጨናገፈው ከባድ የመኪና አደጋ ነው። ሁለት እጆቹ ተሰበሩ፤ አብራሪነቱም በዚያው ቀረ። እጆቹን ለማጠንከር በሜዲትራኒያን ባህር ይዋኝ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1936 ጓደኛው ፊሊፕ ታዬ የውሃ መነፅር ሰጠውና ጭንቅላቱን ውሃ ውስጥ ነከረ። ያየውን ካየ በኋላ አውሮፕላኑን ጨርሶ ረሳው!

በቀጣዩ ዓመት ሲሞን ሜልሺዮርን አገባ። የሲሞን አባት ኤር ሊኪድ በተባለው የጋዝ ኩባንያ ይሠሩ ስለነበር ኩስቶ በእሳቸው በኩል ከኢንጂነር ኤሚል ጋኛን ጋር ተዋወቀ። ወቅቱ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲሆን በነዳጅ እጥረት ምክንያት መኪኖች በጋዝ ይሄዱ ነበር። ጋኛን ለሞተሩ ጋዝ እየመጠነ የሚያቀብል መሣሪያ ሠርቷል። ሁለቱ ይህንኑ መሣሪያ ለጠላቂ እንዲሆን አሻሻሉት። ጠላቂው ሲስብ ብቻ አየር ይሰጣል፤ ግፊቱም ከጥልቀቱ ጋር ይመጣጠናል። አኳ ላንግ የተባለው መሣሪያ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1943 መጀመሪያ ላይ በማርን ወንዝ የተደረገው ሙከራ አልሰመረም። ኩስቶ በአግድም ሲዋኝ የሠራው መሣሪያ ቀጥ ብሎ ሲቆም አየር ያባክን ነበር። ተስተካክሎ በዚያው ዓመት ሰኔ በደቡብ ፈረንሳይ ባህር ዳርቻ እንደገና ተሞከረ። ኩስቶ ሲጠልቅ ሲሞን ከውሃው ገፅ ላይ በመነፅርና በመተንፈሻ ቱቦ ሆና ከላይ ትከታተለው ነበር። ጓደኛቸው ፍሬድሪክ ዱማ ደግሞ አደጋ ቢደርስ ለመግባት ዳርቻው ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ዛሬ ጀማሪ ብቻውን አይጠልቅም የሚባለው ደንብ ያን ቀንም ተከብሯል ማለት ይቻላል።

ሆኖም ዕውቀቱ በነፃ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1946 ኩስቶና ዱማ በፎንቴን ደ ቮክሉዝ ዋሻ ውስጥ ሲጠልቁ ለጥቂት ከሞት ተረፉ። ሲሊንደራቸው ሲሞላ ከኮምፕሬሰሩ ሞተር የወጣ መርዛማ ጭስ ከአየሩ ጋር ገብቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የቡድኑ አባል ሞሪስ ፋርግ የጥልቀት ሪከርድ ለመስበር 120 ሜትር ወርዶ በህይወት አልተመለሰም። ጥልቀት ሲጨምር በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን እንደ አልኮል ያሰክራል። የሰከረ ጠላቂ ደግሞ አፉ ላይ ያለውን መተንፈሻ እንኳ ሊተወው ይችላል።

ዛሬ የመጀመሪያ ቀን ጠላቂ ከአሰልጣኝ ጋር ሆኖ ከ12 ሜትር በላይ የማይወርደው፣ የሲሊንደር አየር ንፅህናም ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግበት ለዚህ ነው። አንደኛው ትምህርትም ትንፋሽን አለመያዝ ነው። 10 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከውሃው ገፅ እጥፍ ስለሆነ ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ሰው ሳንባው ውስጥ ያለው አየር ይለጠጥና ሊጎዳው ይችላል። ትንፋሽ ሳይዙ ቀስ ብሎ መውጣት ግድ ነው።

ኩስቶ መሣሪያውን ከቤተሰቡ አልሰሰተም። እ.ኤ.አ. በ1945 የሰባት ዓመት ልጁን ዣን ሚሼልን በአኳ ላንግ አጠለቀው፤ ታናሽየው ፊሊፕም ጊዜውን ጠብቆ ተከተለ። በዛሬው የትልልቅ ድርጅቶች ደንብ ግን የጠላቂነት ወረቀት የሚሰጠው ከ10 ዓመት ጀምሮ ነው። ሲሞንም ብትሆን ዋዛ አልነበረችም። ካሊፕሶ የተባለችውን መርከባቸውን ለማደስ ጌጣጌጧን ሸጣለች፤ በመርከቧም ላይ ከባሏ የበለጠ ጊዜ አሳልፋለች።

ካሊፕሶ የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ ቀይ ባህር ነው። ኩስቶ ከሉዊ ማል ጋር የሠራው ዝምተኛው ዓለም የተሰኘው ፊልም በ1956 በካን ከፍተኛውን ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ኦስካርን ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ሰዎቹ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ሻብ ሩሚ ላይ በ10 ሜትር ጥልቀት በተሠራ ቤት አንድ ወር ኖሩ። እዚያ ከሠሯቸው ነገሮች የተረፉት ለረጅም ዓመታት ጠላቂዎችን ሲስቡ ቆይተዋል።

ነገር ግን ያ ተሸላሚ ፊልም አሳፋሪ ነገርም አለበት። ሠራተኞቹ አሳ ለመቁጠር ኮራል ላይ ድማሚት ያፈነዳሉ፣ ሻርክም ይገድላሉ። ኩስቶ ኋላ ላይ መንገዱን ቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ1960 የኒውክሌር ዝቃጭ ሜዲትራኒያን ውስጥ እንዳይጣል ታገለ፣ በ1970ዎቹም የባህር ጥበቃ ማህበር መሠረተ። አስጎብኚዎች ዛሬ ኮራል እንዳይነካ፣ እንዳይረገጥ የሚያስጠነቅቁት እሱም በዘገየ ሰዓት የተማረውን ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ሐዘን የበዛባቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ፊሊፕ ሊዝበን አጠገብ በባህር አውሮፕላን አደጋ ሞተ። በ1990 ሲሞን አረፈች። በ1996 ካሊፕሶ በሲንጋፖር ወደብ ተገጭታ ሰጠመች። እሱም እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ቀን 1997 በ87 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ አረፈ። የሪከርድ ባለቤት ሆኖ አይደለም የሚታወሰው። የሰባት ዓመት ልጅም ሆነ አያቱ ባህሩን አይተው በሰላም ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ያስቻለው መንገድ ከተጠረገባቸው እጆች መካከል የእሱ ሁለት የተሰበሩ እጆች ይገኙበታል።