ጄምስ ፓርኪንሰን፤ የሚያንቀጠቅጠውን በሽታ ለይቶ ያሳወቀ ሐኪም

ሰው ሲሞት ስሙ የሚቀረው በልጁ ወይም በሥራው ነው ይባላል። የእንግሊዛዊው ሐኪም የጄምስ ፓርኪንሰን ስም ግን የቀረው በበሽታ ላይ ነው። ዛሬ ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ እጃቸው የሚንቀጠቀጥና እርምጃቸው የዘገየ አረጋዊ ወደ ሐኪም ቤት ቢወሰዱ፣ ሐኪሙ በካርዳቸው ላይ የሚጽፈው ምናልባት ይህንኑ ስም ይሆናል። ስሙን የሰሙ ብዙዎች ናቸው፤ ሰውየው ማን እንደ ነበረ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክ፣ እሱ የጀመረውም ምርመራ እስከ ዛሬ የደረሰበትን በአጭሩ ለአንባብያን እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጄምስ ፓርኪንሰን አፕሪል 11 ቀን 1755 በለንደን አጠገብ ሆክስተን በተባለችው ሥፍራ ተወለደ። ሆክስተን በዚያን ጊዜ ከታላቁ ከተማ ቅጥር ውጭ ያለች፣ ሜዳና አትክልት ያልጠፋባት መንደር ነበረች። ለንደን እየሰፋች ስትሄድ ግን እርሻው ቤት ሆነ፤ ሥራ ፈላጊው ከየአቅጣጫው ጎረፈ፤ ድህነትና በሽታም አብረው መጡ። ይህ ነገር በአዲስ አበባ ዙሪያ ለምንኖር ሰዎች እንግዳ አይደለም።

አባቱ ጆን ፓርኪንሰን በዚያው ሰፈር መድኃኒት ቀማሚና ሐኪም ነበር። ልጁም ሙያውን የተማረው ከአባቱ ሥር ሆኖ ነው፤ በ1776 ደግሞ በለንደን ሆስፒታል ለጥቂት ወራት ሠለጠነ። በማግስቱ ዓመት በ1777 ራሱን ሰቅሎ የነበረ አንድ ሰው ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ በማዳኑ የብር ሜዳይ ተሸለመ። በ1783 ሜሪ ዴል የተባለችውን ወይዘሪት አገባ፤ ልጆችም ወለዱ። በ1784 አባቱ ሲሞት የሕክምናውን ሥራ ተረከበ። ተምሬአለሁ ብሎ ግን አልተቀመጠም። በ1785 የታወቀውን የቀዶ ሕክምና መምህር ጆን ሀንተርን ትምህርት እየተከታተለ፣ የሰማውን በአጭር ጽሕፈት እየመዘገበ ያስቀምጥ ነበር። ሰላሳ ዓመት ሞልቶት፣ ባለ ትዳርና ባለ ሥራ ሆኖ ሳለ እንደ ተማሪ በወንበር ላይ መቀመጡን እንደ ውርደት አልቆጠረውም።

ፓርኪንሰን ለድሆች የሚቆረቆር ሰው ነበር። ሽማግሌው ሁበርት በሚል የብዕር ስም ትንንሽ መጻሕፍት እያሳተመ ድሃው በመንግሥት ጉዳይ ድምፅ እንዲኖረው ይጠይቅ ነበር። ስለዚህም በ1794 አደጋ ላይ ወደቀ። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛን በተመረዘ ቀስት ለመግደል ተዶልቷል ተብሎ የማኅበሩ ጓደኞች ሲያዙ፣ እሱም በንጉሡ አማካሪዎች ሸንጎ ፊት ቀርቦ በመሐላ ተመረመረ። ሳይከሰስ ቀረ። ከዚያ በኋላ ብዕሩን ወደ ሕክምናና ወደ ሳይንስ አዞረ፤ ሐኪም በቅርብ ለማያገኙ ቤተ ሰቦች የጤና ምክር የያዙ መጻሕፍት አሳተመ። የሰበካው ድሆች በሚጠጉበት ቤትም በሐኪምነት አገለገለ።

በዕረፍት ሰዓቱ ደግሞ ወደ ድንጋይ የተለወጡ የጥንት ዕፀዋትንና እንስሳትን ቅሪት ይሰበስብ ነበር። ስለ እነዚህም ከ1804 እስከ 1811 ሦስት ታላላቅ ጥራዞች አወጣ። በ1807 የለንደንን የሥነ ምድር ማኅበር ከመሠረቱት 13 ሰዎች አንዱ እሱ ነው። በዘመኑ ስሙ ይበልጥ የታወቀው በዚህ ነበር እንጂ በሕክምና አልነበረም።

ለዘለዓለም ስሙን ያስጠራው ጽሑፍ የወጣው ግን በ1817 ሲሆን፣ እሱ በዚያን ጊዜ 62 ዓመቱ ነበር። መጽሐፉ 66 ገጽ ብቻ ያላት ነች፤ ርእሷም ስለ ሚያንቀጠቅጠው ሽባነት የሚል ነው። በውስጧ የስድስት ሰዎች ታሪክ ተጽፏል። የሚያስደንቀው ነገር ከስድስቱ ሁለቱን ያገኛቸው በመንገድ ላይ መሆኑ ነው፤ አንዱን ደግሞ ከሩቅ ከማየት በቀር አላነጋገረውም። ያን ጊዜ ራጅ የለም፤ የደም ምርመራም የለም። መሣሪያው ዓይኑ ብቻ ነበር። ሰውየው ተቀምጦ ሳለ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ሥራ ሲይዝ ግን መንቀጥቀጡ እንደሚቀንስ፤ ወደ ፊት እንደሚጎብጥ፤ ሲራመድም ሳይወድ በግድ ወደ ሩጫ እንደሚገባ አስተዋለ። ከእሱ በፊት እነዚህ ምልክቶች ለየብቻቸው ይታወቁ ነበር። የአንድ በሽታ ምልክቶች መሆናቸውን አያይዞ ያሳየው እሱ ነው።

የበሽታው ሥር በአንገት አካባቢ ካለው የነርቭ አውታር ይሆናል ብሎ ገመተ፤ ግምቱ ትክክል አልነበረም። ነገር ግን የሞቱትን ሰዎች አካል መርምረው እውነቱን የሚያገኙ ሌሎች እንዲነሡ ተመኘ፤ መጽሐፉንም ያሳተመው ለዚሁ ነው። ጄምስ ፓርኪንሰን በተወለደበት ሰፈር እየሠራ ኖሮ ዲሴምበር 21 ቀን 1824 ሞተ። መልኩን የሚያሳይ እውነተኛ ሥዕል እንኳ አልተገኘም። ከሞተ ከ50 ዓመት ያህል በኋላ ዣን ማርተን ሻርኮ የተባለው የፓሪስ ሊቅ ሥራውን አክብሮ በሽታው በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ አደረገ።

የተመኛቸው መርማሪዎችም በየተራ ተነሡ። በ1912 ፍሬድሪክ ሌዊ በሕሙማን አንጎል ሕዋሳት ውስጥ ክብ ክብ የሆኑ ጉብታዎች አየ። በ1919 ኮንስታንቲን ትሬትያኮፍ ጉዳቱ በተለይ የሚገኘው በመካከለኛው አንጎል ውስጥ ባለ አንድ ጥቁር ሥፍራ መሆኑን አሳየ። በዚያ ሥፍራ ያሉት የነርቭ ሕዋሳት ዶፓሚን የሚባል ቅመም ይሠራሉ። ዶፓሚን የሰውነትን እንቅስቃሴ ወደሚያስተካክለው የአንጎል ክፍል መልእክት የሚያደርስ ነው። ሕዋሳቱ ሲሞቱ መልእክቱ ይጓደላል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጡንቻ ይገትራል፣ እርምጃ ያጥራል። በ1960 በቪየና ከተማ ኤሪንገርና ሆርኒኪየቪች የሕሙማኑ አንጎል በእርግጥ ዶፓሚን የጎደለው መሆኑን አረጋገጡ።

ሕዋሳቱስ ለምን ይሞታሉ? መልሱ በከፊል የተገኘው ከዘረ መል ነው። ዘረ መል ከእናትና ከአባት የሚወረስ፣ ሕዋስ ፕሮቲኑን እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝዝ መመሪያ ነው። በ1997 በሽታው ከትውልድ ወደ ትውልድ በሚተላለፍባቸው የኢጣልያና የግሪክ ቤተ ሰቦች ውስጥ አልፋ ሲኑክሊን የሚባለውን ፕሮቲን በሚያዝዘው ዘረ መል ላይ ስሕተት ተገኘ። በዚያው ዓመት ሌዊ ያያቸው ጉብታዎች የተሠሩት ከዚሁ ፕሮቲን እንደሆነ ታወቀ። ፕሮቲኑ ቅርጹ ሲበላሽ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ እንደ ጓጎለ ወተት ሆኖም ሕዋሱን ያውካል።

በ1998 የጃፓን መርማሪዎች በወጣትነታቸው በታመሙ ሰዎች ላይ ፓርኪን የሚባለውን ዘረ መል አገኙ፤ በ2004 ፒንክ አንድ የሚባለው ተጨመረ። የሁለቱ ሥራ አንድ ላይ ነው። በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጩ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ክፍሎች አሉ፤ እነሱ ሲያረጁ ሁለቱ ምልክት አድርገውባቸው እንዲወገዱ ያደርጋሉ። ይህ ሥራ ከቀረ የተበላሸው እየተከማቸ ሕዋሱን ይመርዛል። ጂቢኤ አንድ የሚባለው ዘረ መል ደግሞ በሕዋሱ የቆሻሻ ማስወገጃ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ነው። በ2023 በታተመ ጥናት፣ በአፍሪካውያንና ዘራቸው ከአፍሪካ በሆኑ ሰዎች ዘንድ በዚሁ ዘረ መል ላይ ቀድሞ በአውሮፓውያን ጥናት ያልታየ ልዩነት ተገኝቷል። ይህም የአፍሪካ ሕዝብ ሳይጠና የበሽታው ዕውቀት ሙሉ እንደማይሆን ያስረዳል። ሆኖም የሕሙማኑ አብዛኛው ክፍል በሽታውን ከአንድ ዘረ መል ብቻ የወረሰ አይደለም፤ ዕድሜና የአካባቢ ሁኔታም ድርሻ አላቸው።

የመድኃኒቱ ታሪክ ደግሞ ለእኛ ቅርብ ከሆነ እህል ይነሣል። በ1913 ማርኩስ ጉገንሃይም የተባለው የስዊስ ኬሚስት ሌቮዶፓ የተባለውን ቅመም ለይቶ ያወጣው ከባቄላ ነው፤ በሱሉልታ ደጋ ከሚዘራው፣ እሸቱም በየመንገዱ ከሚሸጠው ከዚሁ ባቄላ ማለት ነው። ቅመሙን ራሱ ቀምሶት አስታወከው፤ ጥቅሙም ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ቆየ። በ1961 በቪየና ለሕሙማን በመርፌ ሲሰጥ መነሣት ያቃታቸው ተነሥተው መራመድ ቻሉ። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ በኒው ዮርክ በአፍ የሚወሰድበትን መንገድ አሳየ። ሌቮዶፓ በአንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ዛሬም ከካርቢዶፓ ጋር ተደርጎ የሚሰጠው ዋናው መድኃኒት እሱ ነው። የሞቱትን ሕዋሳት አያስነሣም፤ የጎደለውን ግን ይተካል። ባቄላ መብላት የሐኪሙን ክኒን አይተካም፤ በውስጡ ያለው መጠን ያነሰና የሚለዋወጥ ነውና።

በአገራችን የኢትዮጵያ ሐኪሞች በመስቃንና ማረቆ ወረዳ ከ60,000 በላይ ሕዝብ ቤት ለቤት መርምረው በ1990 ውጤቱን አሳተሙ። የፓርኪንሰን ሕሙማን ከ100,000 ሰው 7 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ይህ ከአውሮፓ በጣም ያነሰ ቍጥር ነው፤ በሽታው በተለይ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑትን ስለሚይዝ፣ ሕዝባችንም አብዛኛው ወጣት ስለ ሆነ ነገሩ አያስገርምም። ዕድሜ ሲረዝም ግን ሕሙማኑም ይበዛሉ። በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞች ማሠልጠኛ ተጀመረ፤ በዚያው በአዲስ አበባ የፓርኪንሰን ሕሙማን የሚረዳዱበት ድርጅትም ተቋቁሟል።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ታሪክ የምንማረው ምንድር ነው? በየቤታችን አያትና ቅድመ አያት አሉን። ድምፃቸው እየሰለለ፣ ጽሕፈታቸው እያነሰ፣ ፊታቸውም ሳይቈጡ እንደ ተቈጣ ሰው እየደረቀ ሲሄድ፣ አንዱ እርጅና ነው ይላል፤ ሌላው እርግማን ወይም ልክፍት ነው ብሎ ያንሾካሹካል። እሳቸውም አፍረው እጃቸውን በጋቢ ሸፍነው፣ ከሠርግና ከዕድር ቀርተው በጓዳ ይቀመጣሉ። ይህ በሽታ ግን እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። በአንጎል ውስጥ ያሉ ጥቂት ሕዋሳት መድከማቸው ነው። ጸሎቱንና ጸበሉን የሚከለክል ሐኪም የለም፤ ክኒኑን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት ማቋረጥ ታላቅ አደጋ ያመጣል።

ፓርኪንሰን በሚኖርበት ሰፈር መንገድ ላይ የሚንቀጠቀጡትን ሰዎች ሺህ ሰው አልፏቸው ይሆናል። እሱ ቆሞ ተመለከታቸው፤ ያየውንም ጻፈ። ከእሱ በኋላ ሌሎች ወደ አንጎሉ፣ ከአንጎሉ ወደ ሕዋሱ፣ ከሕዋሱም ወደ ዘረ መሉ ዘለቁ። እኛ ተማሪዎችም ማይክሮስኮፕ እስኪገዛልን ሳንጠብቅ ከዚያው ከመጀመሪያው ሥራ መነሣት እንችላለን። የአያታችንን እጅ እናስተውል፤ አካሄዳቸውን እንመልከት፤ ያየነውንም ለወላጆቻችን ነግረን በጊዜ ወደ ሐኪም እናድርሳቸው።