አቋም መለወጥ ሁሉ ክህደት ነውን? ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሕይወት የምንማረው

አንድ የፖለቲካ ሰው ትናንት የደገፈውን ጦርነት ዛሬ ሲቃወም፣ ወይም ትናንት ያወገዘውን ዛሬ ሲባርክ ስናይ ወላዋይ ለማለት ጊዜ አይፈጅብንም። በአንድ ቃሉ እስከ መጨረሻው የጸናውን ደግሞ ጀግና ብለን እናወድሳለን። ለመሆኑ ይህ ሚዛናችን ትክክል ነውን? ጥያቄውን ለመመለስ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመልሰን የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሕይወት እንመርምር።

ንጉሡ የደጃዝማች ተሰማ ጎሹ ልጅ ሲሆኑ የቀድሞ ስማቸው ራስ አዳል ነበር። በጥር 1873 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ብለው ዘውድ ደፉላቸው። መንቆረር የምትባለው መናገሻቸውም ደብረ ማርቆስ ተብላ ተሰየመች። ሆኖም ከፋ ገና በእጃቸው አልገባችም ነበር። ከዓባይ ማዶ የሚመጣውን ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ይፈልጉት ስለነበር፣ የከፋ ማዕረግ የጠብ ዘር ሆነ።

ዘሩ ፍሬ ያፈራው በግንቦት 1874 ዓ.ም. መጨረሻ በወለጋ ምድር፣ እምባቦ ላይ ነው። በራስ ጎበና ፈረሰኞች የተጠናከረው የሸዋ ጦር ድል አደረገ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ያለ ፈቃዳቸው በተደረገው ጦርነት የተቆጡት አፄ ዮሐንስም ሁለቱንም ቀጡ። ከምኒልክ ወሎን ወሰዱ፤ ከተክለ ሃይማኖት ደግሞ አገው ምድርን ነጥቀው ለራስ አሉላ ሰጡ። እንግዲህ ልብ በሉ! ዛሬ አዊ ዞን በምንለው አገር፣ በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ ይኖር የነበረው ገበሬ ወለጋ ላይ በተደረገ፣ እርሱ ባልተማከረበት ጦርነት ምክንያት ጌታው ተለወጠበት።

ከዚያ በኋላ የምዕራቡ ጦርነት መጣ። አፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በተፈራረሙት ውል በሱዳን የተከበበውን የግብፅ ጦር ለማስወጣት በመስማማታቸው፣ ከመህዲ ተከታዮች ማለትም ከደርቡሾች ጋር ደም ተቃቡ። በጥር 1879 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን ወግተው የደርቡሹን አሚር ገደሉ፤ የንግድ ከተማይቱም ተቃጠለች። ይህን ታሪክ እኛ ሙስሊሞች በቀላል ስሜት ልናነበው አንችልም። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የግዳጅ ጥምቀትን ሸሽተው ወደ መተማ የተሰደዱ ወንድሞቻችን ነበሩና።

በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም. ሐምዳን አቡ አንጃ መጣ። ደምቢያ ውስጥ ሳር ውሃ ላይ የጎጃም ጦር ተሸነፈ፤ ጎንደር ተቃጠለች፤ ብዙ ሰውም ተማርኮ ወደ ሱዳን ተነዳ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ጊዜ ዓይናቸው ጣሊያን ወደ ያዘው ወደ ሰሜኑ ነበር። ብቻቸውን የተመቱት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቂም ያዙ። በእምባቦ ከማረኳቸው ከምኒልክ ጋርም ባነገሷቸው በአፄ ዮሐንስ ላይ በምስጢር ተስማሙ።

ውጤቱ ምን ሆነ? በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ጎጃም ገብቶ አገሩን ዘረፈ፤ አጠፋ። ንጉሡ አምባ ላይ ወጥተው ቆይተው በመጨረሻ ገቡ። ስለ ስምምነቱ ምንም ያልሰማው ሕዝብ ግን ከብቱንና እህሉን ከፈለ። አፄ ዮሐንስም በዚያው ዓመት መጋቢት ወር መተማ ላይ ወደቁ። ተክለ ሃይማኖት ለምኒልክ ገበሩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጎጃምን ጦር አሰልፈው ከቀድሞ ማራኪያቸው ጎን ዓድዋ ላይ ተዋጉ። በጥር 1893 ዓ.ም. አረፉ። ዛሬ በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል የዚያ ዘመቻ ፈረሶችም መታሰቢያ ነው።

እንግዲህ እኚህን ሰው ወላዋይ እንበላቸውን? በጥንቃቄ ካየነው፣ በእምባቦ ጊዜ አቋማቸው አንድ ነበር፤ ለከፋ ሀብትና ማዕረግ ከምኒልክ ጋር መፎካከር። ያ ጽናት ግን የወንድማማቾች ደም አፈሰሰ እንጂ ለማንም አልበጀም። በዓድዋ ደግሞ አቋማቸው ፈጽሞ ተለውጦ ነበር። ያ መለወጥ ግን የአገር መዳኛ ሆነ። ስለዚህ ጽናት በራሱ ምስጋና አይደለም፤ መለወጥም በራሱ ነውር አይደለም። በ1880 እና በ1881 ዓ.ም. የምንወቅሳቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ስለ ተቃረኑ አይደለም፤ ለመቃረን ምክንያት ነበራቸው። የምንወቅሳቸው ዕዳውን ከሚከፍለው ሕዝብ ደብቀው፣ በጨለማ ስለ ተለወጡ ነው።

ለዚህ ሚዛን ከሁደይቢያ የተሻለ ምስክር የለንም። በበድር፣ በኡሑድና በኸንደቅ ቁረይሾችን የተዋጉት ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ ከእነዚያው ቁረይሾች ጋር ለ10 ዓመት የሚጸና የሰላም ውል ተዋዋሉ። ውሉ የተጻፈው 1,400 ያህል ሶሐቦች ባሉበት በግልጽ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ.) ሳይቀሩ ቅር ብሏቸው ጠይቀዋል፤ መልስም አግኝተዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ውሉ በቁረይሽ ወገን ሲፈርስም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መካ ዘመቱ። ጦርነቱም ሰላሙም ዓላማቸው አንድ ነበር፤ ኒያቸው አልተለወጠም፤ ከሕዝባቸው የሸሸጉት ክህደትም አልነበረም።

የእኛም ዘመን ፈተና ይኸው ነው። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረውን የሰሜኑን ጦርነት በየወገኑ ሲያሟሙቁ ከነበሩት ብዙዎቹ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ሲፈረም በአንድ ጀንበር የሰላም ሰባኪ ሆኑ። ወደ ሰላም መምጣታቸውን አንነቅፍም፤ አልሐምዱሊላህ እንላለን። ነገር ግን ትናንት ለምን ተዋጉ ባሉት ወጣት ፊት ቆመው ምን እንደ ተለወጠ የነገሩት ስንቶቹ ናቸው? ልጁን ያጣ አባት የማወቅ መብት የለውምን? በዚያው በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የአማራ ክልል፣ አዊንም ጨምሮ፣ ሌላ ግጭት ውስጥ ሲገባ ይኸው ጥያቄ እንደ ገና ተነሣ።

እንግዲያው አንድ ፖለቲከኛ ስለ ጦርነት ቃሉን ሲለውጥ ለስድብ አንቸኩል። ምን አይተህ ተለወጥህ፣ ለማንስ ነገርህ፣ ዕዳውንስ ማን ይከፍላል ብለን እንጠይቀው። መልሱን በአደባባይ የሚሰጥ ሰው ትናንት ቢሳሳትም አማናውን ጠብቋል። መልስ የሌለው ግን አሸናፊውን ሲጠብቅ የነበረ ነው። የልብን የሚያውቀው አላህ ነው፤ እኛ የምንዳኘው የታየውን ነው።

ወላሁ አዕለም።