ኪዮሺ ሺጋ እና የቀይ ተቅማጥ ባክቴሪያ

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሁሉ በብዙዎቻችን ዘንድ አሜባ እየተባለ ይጠራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይም የሕመሙን መንሥኤ በአሜባ ውስጥ ብቻ የሚፈልጉ ሐኪሞች ጥቂት አልነበሩም።

ዶክተር ኪዮሺ ሺጋ እ.ኤ.አ. በ1871 በጃፓን ሰንዳይ ከተማ ተወለዱ። በ1896 በቶኪዮ የሕክምና ትምህርታቸውን አጠናቀው፣ ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ በሚመሩት የተላላፊ በሽታዎች ምርምር ተቋም ሥራ ጀመሩ። በ1897 ሴኪሪ፣ ማለትም ቀይ ተቅማጥ፣ ወደ 90 ሺህ የሚጠጉ ጃፓናውያንን አሳመመ፤ ከአምስት ሕሙማን ከአንድ በላይ የሚሆነው ሞተ። መንሥኤውን የመፈለጉ ሥራ ለወጣቱ ሐኪም ተሰጠ።

ችግሩ፣ ጤነኛ አንጀትም እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎችን የሚሸከም መሆኑ ነበር። ከነዚህ መካከል ገዳዩ የትኛው ነው? ሺጋ ዛሬም በጤና ተቋሞቻችን ዊዳል በሚባለው የታይፎይድ ምርመራ መርሕ ተጠቀሙ። ከ36 ሕሙማን ናሙና ወስደው፣ ያሳደጓቸውን ባክቴሪያዎች ከሕሙማኑ የደም ሴረም ጋር አገናኙ። በሴረሙ እየተጓጎለ የሚዘቅጠው አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ተገኘ። ኪታሳቶ ሥራውን ቢመሩም ውጤቱ በተማሪያቸው ስም ብቻ እንዲታተም አደረጉ፤ ይህ በዘመኑም ቢሆን የተለመደ ቸርነት አልነበረም።

ሺጋ ወዲያው ወደ ክትባት ተሻገሩ። በሙቀት የተገደለውን ባክቴሪያ በመጀመሪያ በራሳቸው ሰውነት ላይ ወጉ፤ የተወጋው ቦታም ክፉኛ ቆሰለ።

በ1900 አሜሪካዊው ሲሞን ፍሌክስነር በፊሊፒንስ ተመሳሳይ ባክቴሪያ አገኙ። ቀርቦ ሲመረመር ግን ሌላ ዓይነት ሆነ። የፍሌክስነሩ ማኒቶል የተባለውን ጣፋጭ ንጥረ ነገር ያብላላል፣ የሺጋው አያብላላም፤ ለአንዱ የተዘጋጀ ሴረምም ሌላውን በእኩል ኃይል አያጓጉልም። አንድ ጠላት የተባለው ብዙ ሆነ። በአንዱ ዓይነት ላይ የሚሠራ ክትባት በሌላው ላይ ላይሠራ እንደሚችልም የተረዳው ከዚህ ነው፤ በስፋት የሚሰጥ የሺጌላ ክትባት እስከ ዛሬ አለመኖሩ በከፊል ከዚሁ የመነጨ ነው።

ዛሬ ሺጌላ፣ በሺጋ ስም የተሰየመው ዝርያ፣ በአራት ቡድኖች ይከፈላል፤ ቡድኖቹም በሴረም ምርመራ ወደ ብዙ ዓይነቶች ይለያሉ። በተለያዩ ሰፈሮች የታመሙ ሰዎች ከአንድ ምንጭ መያዝ አለመያዛቸውን ለማጣራት ይህ ልየታ ያገለግላል። ሺጋ ያገኙት ዲሴንቴሪ ዓይነት 1 ብርቱ መርዝ የሚያመነጭ በመሆኑ ከሁሉ የከፋው ነው።

ሺጋ በፍራንክፈርት ከፓውል ኤርሊክ ጋር፣ በኋላም በኮሪያ ሠርተዋል። የቶኪዮ ቤታቸው በጦርነቱ የአየር ድብደባ ወድሞባቸው ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ተመለሱ፤ በዚያም በ1957 በ85 ዓመታቸው አረፉ።