በአንድ ቤት ያደጉ ሁለት ሰዎችና ቀብራቸው

ዘንድሮ ስለ ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጥቂት ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። አባታቸው ኃይለ ሥላሴ ስለሚባሉ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የሚመስሉት ሰው አይጠፋም። አይደሉም። አባታቸው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ናቸው። ተፈሪ መኮንን እናታቸው ሲሞቱ ያደጉት በእኒሁ ደጃዝማች ቤት ነው። እምሩ በ1885 ዓ.ም. ሐረርጌ ተወልደው ከተፈሪ ጋር በአንድ ማዕድ በልተው፣ ከአንድ መምህር ፊት ቁጭ ብለው ተማሩ። የስጋ ዘመድም ናቸው።

ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሲሆኑ እምሩ ሐረርን ያዙ፤ ከዚያ ወሎን፣ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ጎጃምን። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲመጣ የጎጃምን ጦር ይዘው ተከዜን ተሻግረው ደምበጊና ላይ ጠላትን ከነታንኩ መቱት። በኋላ ግን ሽሬ ላይ አውሮፕላኑና የመርዙ ጋዝ ጦራቸውን ፈጀው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጅቡቲ የሄዱበት ባቡር በዚሁ በእኛ በአዳማ በኩል ነው ያለፈው። ሀገር ውስጥ እንደራሴ ተብለው የቀሩት ራስ እምሩ ናቸው። ጎሬ ገብተው፣ ከጥቁር አንበሳ ልጆች ጋር ሆነው እስከ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ቆዩና ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ጣሊያን ወስዶ ፖንዛ በምትባል ደሴት አሰራቸው። በ1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣኑ ሲወርድ የገዛ አገሩ ሰዎች ያሰሩት እዚያችው ደሴት፣ ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ውስጥ ነው። ይኼን የሰማ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም መቼም።

ከተመለሱ በኋላ በጌምድርን ገዙ፣ አሜሪካና ሕንድ አገር አምባሳደር ሆኑ። ርስታቸውን ለጭሰኞቻቸው አከፋፈሉ፤ ቀዩ ራስ የተባሉትም በዚህ ዓይነት ሐሳባቸው ነው። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ መዝገብ ቤት ስሠራ አንድ ክንድ ድንበር በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ባለጉዳይ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ከደምበጊናው ድል ይበልጥብኛል።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክብር ዘበኛ ሲነሣ ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው የሾሙት እሳቸውን ነው። ግርግሩ ከሸፈ፤ ብዙ መኳንንት ቤተ መንግሥት ውስጥ አለቁ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አብሮ አደጋቸውን አልቀጡም፤ ኋላም ሞስኮ አምባሳደር አድርገው ላኩ።

ዘመኑ ተለወጠ። በ1966 ዓ.ም. ክረምት ልጃቸው ልጅ ሚካኤል እምሩ ለጥቂት ሳምንታት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። መስከረም ላይ ንጉሡ ወረዱ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳዎቹ ተረሸኑ፤ በየካቲት ደግሞ የገጠር መሬት ለአራሹ ታወጀ። ከሌላው መኳንንት የተነጠቀውን ራስ እምሩ አስቀድመው ሰጥተዋል።

እንግዲህ የቀብሩ ነገር። ንጉሠ ነገሥቱ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሲሞቱ ድንኳን አልተተከለም፣ ፍትሐት አልተደረገም፣ አልቃሽ አልቆመም። አፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ የወጣው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ በወግ ቅድስት ሥላሴ ያረፉት ደግሞ በጥቅምት 1993 ዓ.ም.። ዕድርተኛ ይኼን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። አንድ ደሃ እንኳ እኛ እያለን እንዲያ አይቀበርም።

ራስ እምሩ በነሐሴ 1972 ዓ.ም. በ87 ዓመታቸው ሲያርፉ ያው ደርግ ነበር ያለው። እሳቸውን ግን በመንግሥት ክብር፣ በወግ በማዕረግ ቀበራቸው። በአምስት ዓመት ልዩነት፣ በአንድ ወር፣ ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ሰዎች።

ያዩትን ጽፈው ነበር። ካየሁት ከማስታውሰው የሚለው መጽሐፋቸው ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ግድም ቆይቶ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጥቷል።