ኢቫንጄሊስታ ቶሪቼሊ፦ ለግፊት ልኬት መነሻ ያበጀ ሊቅ

በኢንዱስትሪ የሚያገለግል ማንኛውም የግፊት ሴንሰር የሚሰጠው ቁጥር ከአንድ መነሻ አንጻር የተለካ ነው። መነሻው ባዶ ቦታ ሲሆን ልኬቱ ፍጹማዊ ግፊት፣ በዙሪያው ያለው አየር ሲሆን ደግሞ አንጻራዊ ግፊት ይባላል። ለዚህ ልዩነት መሠረት የጣለው ጣሊያናዊው ኢቫንጄሊስታ ቶሪቼሊ ነው።

ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1608 ተወለደ። በሮም ከጋሊሊዮ ተማሪ ከቤኔዴቶ ካስቴሊ ዘንድ ሒሳብን ተማረ። በ1641 በፍሎረንስ አቅራቢያ ወደምትገኘው አርቼትሪ ተጉዞ፣ ዓይኑ የጠፋውንና የቁም እስረኛ የነበረውን ጋሊሊዮን በሕይወቱ የመጨረሻ ሦስት ወራት ረዳ። ጋሊሊዮ በጥር 1642 ሲሞት የቶስካና ታላቅ መስፍን የሒሳብ ሊቅነቱን ሥራ ለቶሪቼሊ ሰጠው።

በዘመኑ ሊቃውንትን ያከራከረው ጥያቄ፣ የመሳቢያ ፓምፕ ውኃን ከ10 ሜትር ገደማ በላይ ማውጣት ያቃተው ለምንድን ነው የሚል ነበር። ጋሊሊዮ ምክንያቱን በፓምፑ ውስጥ ፈለገው፤ ቶሪቼሊ ግን በውጭ ባለው አየር ክብደት አገኘው። ከውኃ 13.6 ጊዜ የሚከብደውን ሜርኩሪ መረጠ፤ ሙከራውንም ባልደረባው ቪንቼንዞ ቪቪያኒ አከናወነ። በሜርኩሪ የተሞላው ቱቦ በገንዳ ላይ ሲደፋ ዓምዱ በ76 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቆመ፤ ከበላዩም ባዶ ቦታ ተፈጠረ። አናቱ ሰፊ የሆነ ሌላ ቱቦም እኩል ከፍታ አሳየ። ስቦ ያቆመው ባዶው ቦታ ቢሆን ኖሮ፣ ሰፊው ባዶ ቦታ አብልጦ በሳበ ነበር።

ቶሪቼሊ ግኝቱን በ1644 ለወዳጁ ለሚኬላንጄሎ ሪቺ በደብዳቤ ገለጸ። በዚያው ደብዳቤ ድክመቱን አልሸሸገም፤ ዋና ዓላማው የአየሩን ክብደት መለዋወጥ መከታተል ቢሆንም፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ የዓምዱን ከፍታ እያዛቡ እንዳስቸገሩት አመነ። ዛሬ በሴንሰሮች ላይ የሚደረገው የሙቀት ማካካሻ የሚመልሰው ይህንኑ ችግር ነው።

በ1647፣ በ39 ዓመቱ፣ በፍሎረንስ አረፈ። በዓመቱ ፍሎረን ፔሪዬ በፓስካል ጥያቄ በፈረንሳይ ፑይ ደ ዶም ተራራ ላይ የሜርኩሪው ዓምድ ከከፍታ ጋር እንደሚያጥር አረጋገጠ፤ ቶሪቼሊ ግን ይህን ለማየት አልታደለም።

የዛሬው የፍጹማዊ ግፊት ሴንሰር ከስስ ሽፋኑ ጀርባ የታሸገ ባዶ ክፍል አለው፤ ይህም የቶሪቼሊ ባዶ ቦታ ወራሽ ነው። የአንጻራዊው ሴንሰር ጀርባ ግን ለአየር ክፍት ነው። ልዩነቱን መዘንጋት ዋጋ ያስከፍላል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ አንጻራዊውን ንባብ ወደ ፍጹማዊ ለመለወጥ 101.3 ኪሎ ፓስካል የሚደምር ተመራማሪ ወደ 25 ኪሎ ፓስካል ይሳሳታል። ስለዚህ ከቁጥሩ አስቀድሞ መነሻውን መጠየቅ ተገቢ ነው።