የግብጹ የዜማ ደራሲ ሙሐመድ አብዱል ወሃብ

ሙሐመድ አብዱል ወሃብ የተወለደው በካይሮ ከተማ ባብ አሽ-ሻዕሪያ በተባለው ሰፈር ነው። የተወለደበትን ዓመት ጸሐፊዎች አይስማሙበትም፤ አንዱ 1902 ሲል ሌላው ወደ 1910 ያስጠጋዋል። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ቤተሰቡ የመስጊድ ሰዎች ስለ ነበሩ ልጁ ቁርአንን በዜማ ማንበብ ተማረ። ዳሩ ግን ልቡ ወደ ቲያትር ስላዘነበለ፣ ገና በልጅነቱ ከቤተሰቡ ተሸሽጎ፣ መጋረጃው በወረደ ጊዜ በትርዒቱ መካከል ይዘፍን ጀመር።

በ1924 ታላቁ ባለቅኔ አሕመድ ሸውቂ አገኘው። ሸውቂም እንደ ልጁ ቈጥሮ ፈረንሳይኛ አስተማረው፤ ፓሪስንም አሳየው። ከዚያ በኋላ ወጣቱ ቼሎንና አኮርዲዮንን፣ የታንጎንና የሩምባን ምት ወደ ግብጽ ዘፈን አስገባ። ከአውሮፓ ሊቃውንት ዜማ ይሰርቃል ተብሎም ተከሰሰ፤ ክሱ አንዳንድ ጊዜ እውነት እንደ ነበረ አንሸሽግም።

ነገሩ ግን ከስርቆት ይልቅ የከበደ ነበር። በአረብ ዜማ ውስጥ በሁለት የፒያኖ ድምፆች መካከል የሚያርፉ ሩብ ድምፆች አሉ። የዑድ አንገት ልሙጥ ስለ ሆነ ጣት እነዚህን በቀላሉ ያገኛቸዋል፤ ፒያኖ ግን የለውም። ስለዚህም በ1932 በካይሮ በተደረገው የአረብ ሙዚቃ ጉባኤ ላይ ሊቃውንቱ ፒያኖ ይግባ አይግባ ብለው ብርቱ ክርክር አደረጉ። የባዕድ መሣሪያ ከነገሠ የአባቶች ድምፅ ሊጠፋ ነው የሚለው ስጋት ከንቱ አልነበረም።

ይህ ስጋት በ1964 እንደገና ተቀሰቀሰ። አብዱል ወሃብና ዑም ኩልሱም በአንድ ከተማ ሲኖሩ፣ እርስዋ የእርሱን ዜማ አንድ ቀን እንኳ አልዘፈነችም ነበር። ፕሬዚዳንት ናስር ራሳቸው እንዳቀራረቧቸው ይነገራል። በፌብሩዋሪ 6 ቀን፣ ሐሙስ ማታ፣ «እንታ ዑምሪ» የተባለው ዘፈን በተሰማ ጊዜ ከቫዮሊኖቹና ከቃኑኑ መካከል የኤሌክትሪክ ጊታር ብቅ አለ! በጊታር አንገት ላይ ያሉት ብረቶች ለሩብ ድምፅ ስፍራ አይሰጡም። ደራሲው ግን ለመግቢያው የመረጠው ኩርድ የተባለውን ቅኝት ነው፤ ኩርድ ደግሞ ሩብ ድምፅ የለውም። እንግዳው መሣሪያ ማንንም ሳያሳስት ሊዘምር የሚችልበትን በር ዐውቆ ከፈተለት ማለት ነው። እኛ ከሥራዎቹ ሁሉ ይህን እናስቀድማለን።

ከእርሱ አስቀድሞ የደፈረ ሌላ ካይሮዊም ነበረ፤ ሐሊም ኤል-ዳብ በ1944 የዛር ሴቶችን ዜማ በሽቦ መቅጃ ቀድቶ ድምፁን በሬዲዮ ክፍል ውስጥ እየለዋወጠ አዲስ ነገር ሠራበት። ይኸው ሰው ነው በ1963 በአዲስ አበባ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመው።

አብዱል ወሃብ ለዑም ኩልሱም ዐሥር ያህል ዘፈን ደረሰ፤ ከጊታሩም በኋላ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ተከተለ። እርስዋ በ1975 ዐረፈች። እርሱ በሜይ 4 ቀን 1991 በካይሮ ሞቶ በወታደር ሥነ ሥርዓት ተቀበረ። በ1951 የደረሰው የሊቢያ የሕዝብ መዝሙር በ1969 ተሽሮ ነበር፤ ደራሲው ከሞተ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ ወደ ስፍራው ተመለሰ።