ከአፍራሾቹ የቀደመች ካሜራ

ያደግኩበት ግቢ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። እቤት ያሉንን ፎቶዎች ባገላብጥ ሠርግ አለ፣ ልደት አለ፤ ግቢው ግን ከሰው ጀርባ በሩ ብቻ ነው የሚታየው። ቤቱን ራሱን ያነሳው ሰው የለም። ይህ ሲቆጨኝ ነው ስለ አሜሪካዊቷ ፎቶግራፍ አንሺ ቤረኒስ አቦት ማንበብ የጀመርኩት። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አቦት በ1898 በኦሃዮ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ተወለደች። በ1921 የቅርፃ ቅርፅ ባለሙያ ልሁን ብላ ወደ አውሮፓ ተሻገረች። ኑሮ ግን አልሞላላትም። በ1923 ፓሪስ ውስጥ በማን ሬይ ስቱዲዮ የጨለማ ክፍል ረዳት ሆና ተቀጠረች። ፎቶ ልታጥብ ገብታ ፎቶ አንሺ ሆና ወጣች ማለት ይቻላል፤ በ1926 የራሷን ስቱዲዮ ከፈተች።

እዚያው ፓሪስ ኧዤን አትዤ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። የድሮዋን ፓሪስ መንገዶችና ሱቆች ለብዙ ዓመታት ሲያነሱ የኖሩ፣ ግን ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት የሆነ ሰው ናቸው። በ1927 ሲሞቱ አቦት ከአንድ ሺህ በላይ የመስታወት ኔጋቲቮቻቸውን ገዝታ ከመበተን አዳነች።

በ1929 ለአጭር ጊዜ ኒው ዮርክ ስትመጣ ትታው የሄደችውን ከተማ አላገኘችውም። አሮጌው እየፈረሰ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ይወጣል። ወዲያው የፓሪሱን ስቱዲዮ ዘግታ ተመለሰች። ታዲያ በዚያው ዓመት የኢኮኖሚው ቀውስ መጣ። ተቋማትን ድጋፍ ብትጠይቅ የሚሰማት ጠፋ። ቢሆንም ከእንጀራ ሥራዋ በሳምንት አንድ ቀን እየቆረጠች ማንሳቷን ቀጠለች። መንግሥት ሥራ ያጡ አርቲስቶችን የሚቀጥር ፕሮጀክት ሲያቋቁም በ1935 ደመወዝና ረዳቶች አገኘች፤ በ1939 «ቼንጂንግ ኒው ዮርክ» የተሰኘው መጽሐፏ ታተመ።

አሠራሯ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። በሦስት እግር የሚቆም ትልቅ ካሜራ ተሸክማ ትዞራለች፤ አሮጌውን ሱቅና አዲሱን ፎቅ አንድ ፍሬም ውስጥ ታስገባለች። የሌሊት ኒው ዮርክን ያነሳችበትን ዝነኛ ፎቶ እንውሰድ። መሽቶም የቢሮዎቹ መብራት በሙሉ በርቶ የሚገኘው፣ ቀኑ በሚያጥርበት ታኅሣሥ፣ ሠራተኛው ከመውጣቱ በፊት ባለችው አጭር ጊዜ ነው። እሷም ያቺን ሰዓት ጠብቃ፣ ከኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ፣ ሌንሱን 15 ደቂቃ ያህል ከፍታ አነሳችው። ሕንፃው በነፋስ ቢወዛወዝ ፎቶው ተበላሸ ማለት ነው።

አቦት በ1991 በሜይን ግዛት በ93 ዓመቷ አረፈች። ለአሮጌው አላለቀሰችም፣ ለአዲሱም አላጨበጨበችም፤ ሁለቱንም መዘገበች እንጂ። በእኛም ከተማ በ2022 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 209 ሜትር ሕንፃ ተመረቀ፤ በ2024 ደግሞ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። ካሜራው አሁን ኪሳችን ውስጥ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሰው ስናነሳ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለን ቤቱንም እናስገባው።